ከቪትዝ ቀጥሎ ምን ልግዛ? ለደብረ ማርቆሱ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው አጠር ብሎ ሲቀርብ እንዲህ ነው፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። 1,000 ሲሲ ቪትዝ አለኝ። አምስት ቤተሰብ ሆነን ጠበበችን፤ ዓባይ በረሃ ላይ ደግሞ አቀበቱን እያለከለከች ነው የምትወጣው። ከተማ ውስጥ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ። በየቅዳሜው ወላጆቼ ዘንድ ከሉማሜ ገባ ብሎ ገጠር እሄዳለሁ፤ ደርሶ መልሱ 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ መጨረሻው ጠጠርና ዋልካ ነው። በዓመት አራት ጊዜ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ቪትዟን ሸጬ ካጠራቀምኩት ጋር ደምሬ ከአራቱ አንዱን አስቤያለሁ፦ ሱዙኪ ዲዛየር፣ ቶዮታ ኤክስኪዩቲቭ፣ ቆየት ያለ ባለሁለት ጋቢና ዲፎርዲ (የናፍታ ሞተር ያለው) ሃይሉክስ፣ ወይም ኤሌክትሪኩ ቢዋይዲ ሲጋል። የራሴ ግቢና ቆጣሪ አለኝ። የቱ ያዋጣኛል?»

ባጭሩ፦ ማኑዋል ዲዛየር ይግዙ። እሱ በደህና ይዞታ ካልተገኘ ሞተሩ ያልተከፈተ 1.3 ኤክስኪዩቲቭ ይከተላል። ሃይሉክሱ ለእርስዎ መንገድ አይሆንም። ሲጋሉ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚወድቅበት ነገር አለው፦ ለቻይና ገበያ የተሠራው አራት ወንበር ብቻ ነው ያለው። ኋላ መሐል ላይ ቀበቶም መቀመጫም የለም፤ እናንተ ደግሞ አምስት ናችሁ። ኤሌክትሪክ ከፈለጉ ስለሌሎቹ ከታች እጽፋለሁ። ምክንያቱን ዘርዘር የማደርገው ከሰጡት ቁጥሮች አንዱ ቢለወጥ መልሱም ስለሚለወጥ ነው።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እንቁጠር። በቀን 20፣ በወር 26 ቀን ቢነዱ በዓመት 6,240 ነው። ሉማሜ በዓመት 5,200። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 600 ገደማ ስለሆነ አራት ጊዜው 2,400። ድምሩ 14,000 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 80 የሚበልጠው ማርቆስና ዙሪያዋ ላይ የሚነዳ ነው። ሰው ግን መኪና ሲመርጥ የሚያስበው ያቺን በዓመት አራቴ የሚሄድባትን መንገድ ነው። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ «ይተውት» እል ነበር፤ መሐሉ ላይ ዓባይ በረሃ ስላለ ግን አይታለፍም።

የበረሃው ነገር ይህ ነው። ደጀንም ጎሃ ጽዮንም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 እና 2,500 ሜትር መካከል ናቸው፤ ድልድዩ ያለው 1,050 ሜትር አካባቢ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዱና ወዲያው ያንኑ ይወጣሉ። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም በአንድ ስበት የሚገባለት አየር ይሳሳል። ማርቆስ ከፍታ ላይ ሩብ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። ፋብሪካው 70 ፈረስ ጉልበት ያለው ቪትዝ እርስዎ ዘንድ የሚሠራው በ53 አካባቢ ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ 350 ኪሎ ይመጣል፤ መኪናዋ ራሷ 900 ኪሎ አትሞላም። ስለዚህ ቪትዟ ታማ ላይሆን ይችላል። ከመሸጥዎ በፊት «ሞተር ደክሟል» ብለው በርካሽ እንዳይለቋት።

አሁን ዲዛየርን ይመልከቱ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ሦስተኛው ትውልድ 1.2 ሊትር ሞተሩ 83 ፈረስ ጉልበት ያህል አለው፤ ባዶ ክብደቱ ከ900 ኪሎ በታች ነው። ማርቆስ ላይ 63 ይቀረዋል። 1.3 ኤክስኪዩቲቭ በፈረስ ጉልበት ከዲዛየር ብዙም አይለይም፤ ሰውነቱ ግን ከ1,000 ኪሎ ያልፋል። ከነጭነቱ ሲሰላ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ለቪትዝ 4.3፣ ለኤክስኪዩቲቭ 4.6፣ ለዲዛየር 5.1 ፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ግን ሦስተኛ ማርሽ ላይ በመቆየትና ሁለተኛ ላይ በመጮህ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ነው። ደግሞም ትንሽ ሞተር አቀበት ላይ በደቂቃ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ይፈልጋል። «ነዳጅ ይቆጥባል» ተብሎ በአራተኛ ማርሽ እያንቀጠቀጡ ማስወጣት ፒስተኑንና ፍሪሲዮኑን ነው የሚጎዳው፤ ነዳጅም አይቆጥብም።

ስለ ሙቀት። ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን ከ90 በላይ ነው የሚሠራው። ራዲያተሩ እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውኃው ይፈላል፣ ቀጥሎ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። በበረሃው ግራና ቀኝ ኮፈናቸውን ከፍተው ከሚቆሙት መኪኖች ሞተራቸው ጤነኛ የሆነ፣ ክዳናቸው ግን ያለቀ ብዙ ነው። ማንኛውንም ያገለገለ መኪና ሲገዙ ክዳኑን በአዲስ ይቀይሩ፤ ግፊቱ በላዩ ላይ ስለተጻፈ ያንኑ ይግዙ። የቧንቧ ውኃ ብቻ አይጨምሩ፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ያድርጉ። ፋኑ እንደሚነሣ መኪናው ቆሞ እየሠራ አሥር ደቂቃ ጠብቀው ያረጋግጡ።

ከሙቀቱ የሚብሰው ቁልቁለቱ ነው። 1,250 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲጋገርበት የሚያወጣው ሙቀት ነው። ይህን ሁሉ ፍሬኑ ብቻ እንዲሸከም ካደረጉት ሸራው ይሸታል፣ ከዚያ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ሲያረጅ 140 ላይ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። እዚህ አገር ግን የጎደለው ሲሞላ እንጂ ሲቀየር ብዙም አይታይም። አወራረዱ እንዲህ ነው፦ ደጀን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በፊት ሦስተኛ፣ ጠመዝማዛው ላይ ሁለተኛ ያስገቡ፤ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ፍጥነቱን አውርደው ይልቀቁ፣ እንደገና ይርገጡ። እግርዎን በስሱ ፔዳሉ ላይ አስቀምጠው አይውረዱ። ፔዳሉ ልል ብሎ ወደ ታች ከገባ ማርሹን ወደ ታች እየቀየሩ፣ ፔዳሉን እየደጋገሙ ጥግ ይያዙና ግማሽ ሰዓት ያህል ያቀዝቅዙ። የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አይድፉ፤ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ዲዛየሩ። የሚወደድለት ነገር ሞተሩ ካቴና (የብረት ሰንሰለት) እንጂ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ካልተቀየረ ተበጥሶ ቫልቭ የሚያጣምም ነገር የለበትም። ዘይት ከፊልትሮው ጋር ከ3 ሊትር ብዙ አያልፍም። በእርስዎ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 6 እስከ 6.5 ሊትር ይበላል ብለው ያስቡ። ሰልባትዮው 37 ሊትር ነው፤ ማርቆስ ሞልተው ሲነሡ አዲስ አበባ ደርሰው ለከተማ ዙሪያም ይተርፍዎታል። መንገድ ላይ ቤንዚን አለ የለም ብሎ መጨነቅን ስለሚያስቀር ይህን ቀላል አድርገው አይዩት። ወለሉ ከመሬት 163 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቪትዝ ይሻላል። የኋላ ሻንጣው 378 ሊትር ይይዛል።

ድካሙም አለ። ላሜራው ስስ ነው። ኋላ ሦስት ልጅ በደንብ ይቀመጣል፤ ሦስት ትልልቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል። የፊት ሾክ አብዞርበርና ጎሚኖች በኮብልስቶንና በጠጠር ቶሎ ያልቃሉ፤ ሲፈትኑ በዝግታ ጉድጓድ ላይ አስገብተው «ኳ» የሚል ድምፅ ያዳምጡ። አውቶማቲክ ተብሎ የሚሸጠው የዚህ ትውልድ ዲዛየር ደግሞ እውነተኛ አውቶማቲክ አይደለም፤ ውስጡ ማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ሞተርና ኮምፒውተር ነው። አቀበት ላይ ሰልፍ ይዞ ትንሽ ትንሽ ሲንፏቀቅ ፍሪሲዮኑን ይበላል፤ ሲበላሽም ማርቆስ ውስጥ የሚከፍትልዎ መካኒክ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ማኑዋል ያልኩት ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ሲገዙ ትልቁ ወጥመድ በጥሪ ታክሲነት ሲሠራ የኖረው ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 60,000 ይላል፣ ግን የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎማ ልሙጥ ሆኗል፣ መሪው ያብለጨልጫል፣ የሹፌሩ ወንበር በር በኩል ያለው ጠርዝ ሰርጉዷል። እነዚህ ሦስቱ አይዋሹም። ሰሌዳው ዛሬ ኮድ 2 (የቤት) ቢሆንም ቀድሞ ኮድ 3 (የንግድ) እንደነበር ከፋይሉ ማየት ይቻላል። ጎማዎቹ ላይ ያለውን አራት አኃዝም ያንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መኪናው «ብዙ አልተነዳም» ተብሎ ጎማው ሁለተኛ ቅያሪ ከሆነ ጥያቄ ይጠይቁ።

እግረ መንገዴን፦ ዲዛየር ከተማውን የሞላው በአጋጣሚ አይደለም። በ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ መሠረት እስከ 1,300 ሲሲ ያለ አዲስ መኪና 5 በመቶ ሲከፍል ከዚያ በላይ ያለው እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ ነበር፤ ያረጁት ላይ ደግሞ ታክሱ እጅግ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት ዋጋቸውን ይዘው ቀርተዋል። ይህ ለሻጭም ለገዢም ይሠራል፤ ዛሬ ተወዶ የሚገዛው ዲዛየር ነገም ገዢ አያጣም።

ኤክስኪዩቲቩ ላይ ማየት ያለብዎት አንድ ነገር ሞተሩ ነው። ኮፈን ከፍተው የሞተሩን መለያ ያንብቡ። ኤንዜድ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው። ዜድዜድ የሚለው ቤተሰብ፣ በተለይ ከ2005 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው 1.8፣ የዘይት ፋሻው (ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ቀዳዳ እየተደፈነ ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። መኪናው አሁን 20 ዓመት አካባቢ ስለሆነ ጥያቄው «ተሠርቷል ወይ?» ሳይሆን «ማን ሠራው፣ ምን ቀየረ?» ነው። የትም መካኒክ ያውቀዋል፣ ዕቃውም ከሶማሌ ተራ እስከ ባሕር ዳር አይጠፋም፤ ይህ የሚክስ ነገር ነው። ግን አካሉ ስንት ጊዜ ቀለም እንደተቀባ፣ የበሩ ሥርና የኋላ ሻንጣው ወለል ዝገት እንዳለው ምንጣፉን አንሥተው ይዩ።

ለሁለቱም መኪና አፈታተኑ አንድ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ፤ ኮፈኑን በእጅ ሲነኩት ሞቆ ከጠበቀዎት ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን ያዙሩት። የራዲያተሩን ክዳን ቀዝቃዛ ሳለ ከፍተው ላዩ ላይ የዘይት ወዝ እንዳይኖር፣ የዘይት ክዳኑ ሥርም ወተት የመሰለ ነገር እንዳይኖር ይመልከቱ። አስነሥተው አምስት ደቂቃ በዝግታ ያሠሩትና ነዳጅ ይርገጡ፤ ያን ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ የቫልቭ ጎማ ነው፤ አቀበት ላይ ሳያቋርጥ ሰማያዊ ከጨሰ ፋሻ ነው። ሁለተኛው በጣም ይለያል፤ ሞተር ይወርዳል። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን የእጅ ፍሬን ይዘው በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል።

መካኒኩ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ሲለካ የምትገርም ነገር አለች። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ የሚል ጤነኛ ሞተር ማርቆስ ላይ 135 አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ የአየሩ ግፊት ራሱ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ስለሆነ። ይህን ያላሰበ መካኒክ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ጥሩ መኪና ያስጥልዎታል፤ ይህን የሚያውቅ ደላላ ደግሞ በእውነት የሞተውን «ከፍታው ነው» ብሎ ይሸጥልዎታል። መፍትሔው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ነው። ሁሉም 130 እና 138 መካከል ከሆኑ ደህና ነው፤ ሦስቱ 135 ሆነው አንዱ 105 ከሆነ ይተውት።

ሃይሉክሱን ባጭሩ ልለፈው። በዚህ በጀት የሚያገኙት ብዙ የሠራ 2.5 ወይም 3.0 ዲፎርዲ ነው። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ኢንጀክተሩ ግን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ናፍታ ስለሚረጭ ውኃና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ነዳጅ አይታገሥም። ማደያ ሲደርቅ በጀሪካን ከመንገድ ዳር የሚገዛው ናፍታ እሱን ነው የሚገድለው፤ አራት ኢንጀክተር ደግሞ የአንድ ትንሽ ሞተር ዋጋ ያወጣል። 3.0ው ላይ ተጨማሪ ችግር አለ፦ የኢንጀክተሩ መቀመጫ ሮንዴላ ሲያፈስ ጥቀርሻ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። በ100 ኪሎ ሜትር 10.5 ሊትር ቢበላ በዓመት 1,450 ሊትር ነው፤ ዲዛየሩ 900። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጤፍና ማዳበሪያ ጭነው ገጠር የሚገቡ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይገለበጥ ነበር።

«ታዲያ ዋልካውስ?» እንዳይሉኝ። በጋ ላይ ያ መንገድ ለዲዛየርም ለቪትዝም ያው ነው፤ ዝግ ብሎ መንዳት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል፣ ፓራፋንጎው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን እስከ ማቆም ይደርሳል። ያን ጊዜ ትክክለኛ የጭቃ ጎማ የሌለው ሃይሉክስም ይንሸራተታል። በዓመት ስምንት ዘጠኝ ቅዳሜ መኪናውን ሉማሜ አስፋልቱ ዳር አጥር ያለው ግቢ አሳድረው በእግር ወይም በጋሪ መግባት፣ ለእነዚያ ቅዳሜዎች ሲባል ዓመቱን ሙሉ የሃይሉክስ ናፍታ ከመክፈል ይረክሳል። ለዲዛየሩ ከሞተሩ ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት መከላከያ ያስበይዱ፤ ዘይት ማፍሰሻውን የሚያስከፍት ቀዳዳ ይተዉለት፣ አለበለዚያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መፍታት ይሆናል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ፤ የሚያጓጓውም እሱ ነው። ከፍታ አይነካውም፤ ሞተሩ አየር ስለማይስብ ማርቆስ ላይም ጂቡቲ ላይም ጉልበቱ አንድ ነው። ወጪውን እናስላ፤ ቤንዚን በሊትር 120 ብር፣ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 8 ብር ብለን እንያዝ፤ ዋጋው ሲለወጥ ቁጥሩን ራስዎ ይተኩት። ዲዛየሩ በዓመት 900 ሊትር፣ 108,000 ብር። ኤሌክትሪኩ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግና ሲሞላ የሚባክነውን 12 በመቶ ብንጨምርበት 2,170 ኪሎዋት ሰዓት፣ 17,400 ብር ገደማ። የ90,000 ብር ልዩነት ነው። በአምስት ዓመት 450,000። ባለአምስት ወንበሩ ኤሌክትሪክ ከዲዛየሩ በዚህ ያህል ብር ካልተወደደ በወጪ በኩል ያሸንፋል ማለት ነው። በመልሶ መሸጥ በኩል ግን ይሸነፋል፤ በየጊዜው አዲስ ሞዴል ስለሚገባ ያገለገለው ቶሎ ይረክሳል።

ችግሩ ርቀቱ ላይ ነው። ለአምስት ሰው የሚሆኑት ቢዋይዲ ኢ2 እና ዶልፊን ናቸው (ሚኒባሱ ዶልፊን አይደለም)። ኢ2 43.2 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዞ በቻይና መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ተጽፎበታል። ያ መለኪያ በዝግታ የከተማ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ከተጻፈው 70 እስከ 75 በመቶውን ይያዙ፤ 290 አካባቢ። ማርቆስ–አዲስ አበባ 300 ነው። በዚያ ላይ በረሃው አለ፦ ከነሰዉ 1,750 ኪሎ የሚሆን መኪና ከድልድዩ ጎሃ ጽዮን ለመውጣት ከባትሪው 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨርሳል፤ ከደጀን ሲወርድ ደግሞ 4 ገደማ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ በኢ2 መንገድ ላይ ሳይሞሉ አይገቡም፤ ባለ60.48 ኪሎዋት ሰዓቱ ዶልፊን ግን 15 ያህል ተርፎት ይገባል። ደንቡ፦ ከድልድዩ ሽቅብ ሲነሡ ጎሃ ጽዮን መሙያ ከሌለ ባትሪው ላይ ያለው አቀበቱንም ቀሪውን 185 ኪሎ ሜትርም መሸፈን አለበት። አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ደጀን አድሮ 100 በመቶ ሞልቶ ቁልቁለቱን የሚጀምር ሰው ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናው በሞተሩ አይዝለትም፤ ሁሉም ሸክም ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። 85 ላይ ያቁመው። ከማርቆስ የሚነሡት ደጀን እስኪደርሱ ስለሚቀንስ ይህ አያሳስብዎትም።

ቤት ውስጥ መሙላቱ ከሚፈራው ይቀላል። ለ20 ኪሎ ሜትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው 2 ኪሎዋት ቻርጀር በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ለቅዳሜው 15 ያስፈልጋል፤ አንድ ሌሊት። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ተበላሸ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቤቱ ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መስመር) የሌለው መሆኑ ነው። ቢያንስ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ እርጥብ መሬት ውስጥ ያስተክሉ፤ ከቆጣሪው ለብቻው 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ፣ 20 አምፔር ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ያስገቡለት። በማራዘሚያ ገመድ አይሙሉ፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ቻርጀሩ ስለሚቋረጥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲጀምር ሰዓት ያስይዙት። መብራት ለቀናት ለሚጠፋበት ሰሞን ባትሪውን ከግማሽ በታች አያውርዱት፤ ግማሹ ለከተማ ሥራ ከሳምንት በላይ ያስኬድዎታል። ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ባለ ኤሌክትሪኩ ነው የሚስቀው።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ባትሪውን በገዛ ቆጣሪዎ መፈተን ይችላሉ። ባትሪው 20 በመቶ ላይ ሳለ ፍሪጅና ምጣዱን አጥፍተው ቆጣሪውን ይመዝግቡ፣ 80 እስኪደርስ ይሙሉት። ለ43.2ቱ ባትሪ 60 በመቶው 26 ያህል ነው፤ ከብክነቱ ጋር ቆጣሪው 29 አካባቢ መቁጠር አለበት። 23 ቆጥሮ 80 ከደረሰ ባትሪው አምስተኛውን አጥቷል። የመሙያ ጉድጓዱ የቻይናው ዓይነት ይሁን የአውሮፓው፣ በሚሄዱበት ከተማ ያለው ፈጣን መሙያ የቱን እንደሚቀበል አስቀድመው ይጠይቁ። የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ከሆነም ሳይገዙ ያስቀይሩት፤ ከገዙ በኋላ የሚያነሣልዎ ስልክ የለም።

ወረቀቱ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በፋኖስ እያዩ ያመሳክሩ፤ አንድ ፊደል እንኳ የተፋቀ ቢመስል ይተዉት። ዕዳና እግድ እንደሌለበት ሊብሬውን አይተው ብቻ ሳይሆን ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቁ፤ በባንክ ብድር የተያዘና ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና እዚያ ነው የሚታወቀው። ከቀረጥ ነፃ የገባው ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም፣ ላጤ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «የመሸጥ» ሥልጣን በግልጽ እንደሚሰጥ፣ አለመሻሩንም ያጣሩ። ከቀብዱ በቀር ገንዘቡ ከእጅዎ የሚወጣው ውልና ማስረጃ ፊት ከተፈረመ በኋላ ነው።

ቪትዟን ሲሸጡም እንደዚሁ። ቤት ውስጥ በተጻፈ ውል ቁልፉን አስረክበው አይለያዩ፤ ገዢው ስሙን ሳያዞር አደጋ ቢያደርስ ክሱ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ባለው ሰው ላይ ነው። ውልና ማስረጃ ያስፈርሙ፣ የገዢውን መታወቂያ ቅጂና የተፈረመውን ውል ይያዙ፣ ስሙን እስኪያዞርም የሦስተኛ ወገን መድኑ እንዳይቋረጥ ይከታተሉ።